አንገቱ ላይ ነብር ጥሎ ይዞር የነበረው የሰርከስ ሰው ማን ነበር?

የማርቆሱ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ነገር ከአገራችን ኑሮ የራቀ ቢመስልም በእኛ ቤተሰብ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ በመሆኑ፣ የሚያውቅ ሰው ቢረዳኝ ብዬ ጻፍኩ።

ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አጎቴ በ1965 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው፣ አብዮቱ ሲመጣ መመለሻ አጥተው እዚያው ሃያ ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። ስለ አሜሪካ ብዙ አያወሩም ነበር፤ ስለ ሕንጻውም ሆነ ስለ መኪናው ሲጠየቁ በአጭሩ መልሰው ዝም ይላሉ። ሳይጠየቁ የሚያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ከአንድ ጊዜ በላይ ሄደው ያዩት የሰርከስ ሰው ነው። ጸጉሩ የደረሰ ገብስ ይመስላል፣ ልብሱ በሚያብለጨልጭ ጌጥ የተሞላ ነው ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ነብር እንደ ነጠላ አንገቱ ላይ ጥሎ በሕዝቡ ፊት ሲዞር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ነብር ዝሆን ላይ አስቀምጦ ሲያስጋልብ እንዳዩት ደጋግመው ነግረውናል።

ይህን የሚያምናቸው ግን አልነበረም። በተለይ አባታቸው በጮቄ ሥር ነብር ገድለው የተፎከረላቸው አንድ ጎረቤታችን፣ ወሬው በተነሣ ቁጥር «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም ይባላል፤ ይኸ ሰው ግን ጭራሽ አንገቱ ላይ ጠመጠመው ትለናለህ፤ አሜሪካ ያሳየችህን ትተህ ያለምከውን ነው የምታወራን» እያሉ ያስቁባቸው ነበር። ጋሼም ይናደዱና ቡናው ሳይደርስ ተነሥተው ይሄዱ ነበር።

መጪው ግንቦት የሰባት ዓመት ተዝካራቸው ነው። ለዕለቱ ስለ ሕይወታቸው አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ ሳጥናቸውን ስፈትሽ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የትርኢት መጽሔት አገኘሁ። በውስጡ ጸጉረ ወርቅማ ሰው እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ ስሙ የተጻፈበት ገጽ ግን የለም። ይህ ሰው ማን ነበር? ጋሼ ያዩት ነገርስ በእውነት የሚቻል ነው ወይስ እንስሳቱ በመድኃኒት የደነዘዙ ነበሩ? በተዝካሩ ላይ የማነበው ጽሑፍ ለጎረቤታችን ሌላ የሳቅ ርእስ እንዳይሆንብኝ እፈልጋለሁ።

የጣና ዳር ሐኪም (ባሕር ዳር)

መምህር፣ የአጎትዎን ነፍስ ይማር። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ስለ ሰርከስ እንስሳት ማንበብ ደግሞ የቆየ ልማዴ ስለሆነ ጥያቄዎን ስመለከት ሰውየውን ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም። አጎትዎ ያዩት ጉንተር ጌበል-ዊሊያምስ የተባለውን፣ ሪንግሊንግ ብራዘርስ እና ባርነም ኤንድ ቤይሊ በሚባለው የአሜሪካ ሰርከስ ውስጥ ከ1969 እስከ 1990 ድረስ ዋነኛ ኮከብ የነበረውን ሰው ነው (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ይህ ሰርከስ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ትርኢት ያሳይ ስለነበር ቦታውም ዘመኑም ከአጎትዎ ወሬ ጋር ይገጥማል።

በመጀመሪያ ጠቡን ያስነሣው ቋንቋችን መሆኑን ልናገር። እኛ ነብር ስንል በጮቄም ሆነ በአባይ በረሃ የሚኖረውን፣ ቆዳው ነጠብጣብ የሆነውን ማለታችን ነው። ነገር ግን በእስያ የሚኖረውን፣ ቆዳው ሸንተረር ያለውንና ከአንበሳ የማያንሰውን ታይገርንም ብዙ ጊዜ ነብር ብለን እንተረጉመዋለን። አጎትዎ ሁለቱንም በአንድ ስም ስለጠሯቸው ሰሚው አንዱን እንስሳ አንድ ጊዜ አንገት ላይ፣ አንድ ጊዜ ዝሆን ላይ እያሰበ ግራ ተጋብቷል። አንገት ላይ ይጠመጠም የነበረው የእኛው ዓይነት ነብር ሲሆን ስሙም ኬኒ ይባል ነበር፤ ዝሆን ላይ የሚወጣው ደግሞ ታይገር ነው። ሰውየው ነብሮችን፣ እኛ ግስላ የምንላቸውን ጥቁሮቹንና የአሜሪካውን ፑማ በአንድ ላይ ያሠራ ስለነበር፣ ጎረቤትዎ ይህን ቢሰሙ ከመጀመሪያውም የባሰ ሳይናደዱ አይቀሩም።

ሕይወቱም ከሥራው ያላነሰ የሚደንቅ ነው። በ1934 የተወለደባት ሽቫይድኒትስ በዚያን ጊዜ የጀርመን ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ስደተኛ ሆኖ እናቱ ዊሊያምስ በሚባል የጀርመን ሰርከስ ውስጥ በልብስ ሰፊነት ተቀጠረች፤ ብዙም ሳትቆይ እርሷ ስትሄድ ልጁ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እዚያው ቀረ። የሰርከሱ ባለቤቶች እንደ ልጃቸው አሳድገው ፈረስ አስተማሩት፤ ባለቤትየው በአደጋ ሲሞት በወጣትነቱ የቤቱን ሸክም ተሸከመ፤ ዊሊያምስ የሚለውንም ስም ከእነርሱ ወስዶ ከራሱ ስም ጋር አያያዘው። ኧርቪን ፌልድ የተባለው የአሜሪካው ሰርከስ ባለቤት በ1968 ይህን አንድ ሰው ለማግኘት ሲል ሙሉውን የዊሊያምስ ሰርከስ በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በአንድ ሰው ምክንያት አንድ ሰርከስ እንዳለ ተገዛ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ የደነዘዘ ታይገር ከበርጩማ ወደ በርጩማ ሲዘል ወድቆ ይሰበራል፤ ሲነቃ ደግሞ ሚዛኑን ያልያዘ እንስሳ ከማንም የበለጠ አደገኛ ነው። ሥራው የሚሠራው በርቀት ስሌት ነው። ሃይኒ ሄዲገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ እንዳስረዳው፣ አንድ የዱር እንስሳ ሰው ወደ እርሱ ሲቀርብ በተወሰነ ርቀት ላይ ይሸሻል፤ መሸሻ አጥቶ ሰውየው ከዚያም አልፎ ከቀረበው ተመልሶ ይመጣበታል። ገሪው የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ነው። ግማሽ እርምጃ ወደፊት ሲል ታይገሩ ወደ ኋላ ሄዶ በርጩማው ላይ ይወጣል፤ ገሪው ግማሽ እርምጃ ሲመለስለት እዚያው ይረጋል፤ ከዚያም በበትር ጫፍ ቁራጭ ሥጋ ይቀበላል። ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም በርጩማው የእንስሳው የራሱ ቦታ ይሆናል። ተመልካቹ ጅራፉን ሲያይ መምቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዋናነት የክንድ ማስረዘሚያና የምልክት መስጫ ነው።

ጌበል-ዊሊያምስን ከሌሎቹ የለየው በዚህ ላይ ድምፁን መጨመሩ ነው። እያንዳንዱን እንስሳ በስሙ ይጠራል፤ ትርኢቱ ሲካሄድ ሳያቋርጥ ያነጋግራቸዋል፤ ትርኢት በማይኖርበት ሰዓትም ከብረት ጎጇቸው አይለይም። በአሜሪካ ባሳለፋቸው ዓመታት 12,000 ያህል ትርኢት አሳይቶ አንድም ቀን እንዳልቀረ ይነገርለታል። በ1990 ከመድረክ ወርዶ ልጁ ሥራውን ተረከበ፤ ራሱም በጁላይ 19 ቀን 2001 ፍሎሪዳ በምትገኘው ቬኒስ ከተማ በአንጎል ካንሰር በ66 ዓመቱ ዐረፈ።

የደንበጫው (ደንበጫ)

መምህር ሆይ፣ እኔ ሰርከስ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ወይፈን ግን ብዙ ገርቻለሁ። የሐኪሙን ጽሑፍ ልጄ ሲያነብልኝ ብዙው ነገር አዲስ አልሆነብኝምና የማውቀውን እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት።

ወይፈን ቀንበር ሲያስለምዱት መጀመሪያ ብቻውን አይጠምዱትም፤ ሥራ ከሚያውቅ ነባር በሬ ጋር ያቆራኙታል። ነባሩ ሲቆም ይቆማል፤ ነባሩ ሲዞር እየተጎተተም ቢሆን ይዞራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማረሻ የሚባል ነገር አይነካም፤ ባዶ ቀንበር ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ ይመላለሳል። ጅራፍ ይዘን እንወጣለን፤ ጥሩ ገበሬ ግን ጅራፉን የሚያስጮኸው ከበሬው ጆሮ በላይ በአየር ላይ ነው። ገላው ላይ ካሳረፈው በሬው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ጅራፉ ስለሚሆን ትልሙ ይጣመማል። በስሙም ይጠራዋል፤ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ሻሽ እያለ፤ ቦራ ሲባል ዳልቻ ጆሮውን አይመልስም። ወይፈኑ ሲደክም ሳይሆን ገና አምሮበት ሳለ መፍታት እንደሚገባ የነገረኝ አባቴ ነው፤ በድካም የተፈታ ወይፈን በማግስቱ ቀንበር ሲያይ ይሸሻል። የፈረንጁ ሰውዬ ይህን ያውቅ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ሳያውቅ 12,000 ጊዜ አይገባማ።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ በተዝካሩ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ሲመርጡ እንዲጠነቀቁበት እመክራለሁ። ለማዳ ማለት ሌላ፣ የተገራ ማለት ሌላ ነው። በሬ ለማዳ ሆኖ ይወለዳል፤ እናቱም አያቱም ከሰው ጋር የኖሩ ስለሆኑ እኛ የምንጨምርለት ሥራውን ብቻ ነው። ነብር ግን ቢገራም ለማዳ አይሆንም። ስለዚህ ያ ሰው «ነብር አላመደ» ብለው ከጻፉ ጎረቤትዎ መከራከራቸው ትክክል ይሆናል፤ «ነብር ገራ» ካሉ ግን የሚመልሱት አይኖራቸውም።

አስተያየት ሰጪ ከዳንግላ

የደንበጫው አባታችን ያነሡት ልዩነት ሰዎች በሚያደንቁት ነገር ሁሉ ላይ ጥያቄ የሚያስነሣ ስለሆነ እኔም በትሕትና የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። ለማዳ ያልሆነን እንስሳ ዕድሜውን ሙሉ በጎጆና በባቡር ፉርጎ ውስጥ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ማጓጓዝ በማናቸውም ድምፅና በማናቸውም ስም አጠራር የሚካስ አይመስለኝም። በሬው ማታ ከቤቱ በረት ይገባል፤ ያ ታይገር ግን ከትርኢት በኋላ የሚገባው ወደዚያችው ጠባብ ጎጆ ነው።

የዚህ ሙያ የቀድሞ ታሪክም የሚያኮራ አይደለም። በ1839 (እኔም ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ንግሥት ቪክቶሪያ ለንደን ድረስ መጥቶ ያሳየውን አይዛክ ቫን አምበርግ የተባለ አሜሪካዊ ለማየት ደጋግማ ቲያትር ቤት ሄዳለች፤ ሰውየው ግን አንበሶቹን በብረት ዘንግ እየደበደበ ያንበረክካቸው እንደነበር የተጻፈ ነው። ካርል ሃገንቤክ የተባለው የሃምቡርግ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድብደባውን ትቶ በሽልማት የሚገራበትን ዘዴ በማስፋፋቱ ይመሰገናል። ነገር ግን የእርሱ ሀብት ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ወደ እኛ ሠፈር ይመልሰናል፤ በ1870 ሎሬንዞ ካሳኖቫ የተባለ ነጋዴ ከጎረቤታችን ከሱዳን፣ ከከሰላ አካባቢ አሰብስቦ ወደ ሱዌዝ ያወረዳቸውን አንበሶች፣ ነብሮች፣ ዝሆኖችና ቀጭኔዎች የተረከበው እርሱ ነው። በዚያ ዘመን ግልገል የሚያዘው እናቲቱ ተገድላ ነበር። በጅራፍ መምታት ቀረ ሲባል በጥይት የሞተችው እናት ከሒሳቡ ውጭ ሆና ቀርታለች።

ከጌበል-ዊሊያምስ በፊት በአሜሪካ ስሙ የገነነው ክላይድ ቢቲም የሚታወሰው በአንድ እጁ ጅራፍ፣ በአንድ እጁ ወንበር ይዞ፣ ሽጉጥም ታጥቆ በመግባቱ ነው። አንበሳና ታይገር ቀላቅሎ እስከ 43 ድረስ በአንድ ጎጆ ውስጥ አቁሟል። የወንበሩ አራት እግሮች የአንበሳውን ትኩረት ይበታትናሉ፤ እግር የትኛው ነው፣ ሰው የትኛው ነው ሲል ጥቃቱ ይዘገያል። በ1932 ኔሮ የሚባለው አንበሳው ጭኑን ነክሶት ቁስሉ አመርቅዞ ለሞት አድርሶት ነበር። የታይገር ገሪዋ ሜብል ስታርክም በ1928 ሜይን ግዛት ባንጎር ከተማ በጭቃ ላይ ወድቃ ታይገሮቿ ሰውነቷን ቦጫጭቀዋታል፤ ተሰፍታም እንኳ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እነዚህን ሰዎች ጀግና ለማለት ለምን እንቸኩላለን? እኛ ራሳችን አንበሳ ለገደለ የጎፈር ዘውድ የምናደርግ ሕዝብ ስለሆንን እንደሆን አላውቅም። (በነገራችን ላይ ቢቲ ያረፈው በጁላይ 19 ቀን 1965 ነው፤ እርሱም ሆነ ጌበል-ዊሊያምስ በሠላሳ ስድስት ዓመት ልዩነት በአንድ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12፣ በሚካኤል ዕለት መሆኑ ይገርመኛል።)

ዓለምም ቢሆን ከዚህ እየወጣ ነው። ቦሊቪያ በ2009 እንስሳትን በሰርከስ ማሠራትን ከለከለች፤ በእንግሊዝ የዱር እንስሳት ክልከላ ከ2020 ጀምሮ ይሠራል፤ ያው የአጎትዎ ሰርከስ በ2017 ተዘግቶ በ2023 ሲመለስ አንድም እንስሳ አልያዘም። የእኛ አገር የሰርከስ ቡድኖች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሲመሠረቱ በልጆች አክሮባት ብቻ መጀመራቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

የጣና ዳር ሐኪም (ባሕር ዳር)

የዳንግላው ወንድማችን ስለ ጎጆውና ስለ ግልገሎቹ ያነሣውን አልከራከርበትም፤ በሙያዬም ቢሆን ዛሬ ታይገር በሰርከስ ይሥራ ብዬ አልፈርምም። የማልስማማው ቢቲንና ጌበል-ዊሊያምስን በአንድ ረድፍ በማስቀመጡ ነው። ቢቲ ለተመልካቹ የሚሸጠው ፍርሃትን ነበር፤ አንበሳው ሲያገሣ፣ ሽጉጡ ሲጮህ፣ ሰውየው በጭንቅ ሲያመልጥ ሕዝቡ ትንፋሹን ይይዛል፤ ስለዚህ እንስሳው ጠላት ሆኖ መታየት ነበረበት። ጌበል-ዊሊያምስ ግን ሽጉጥ አልታጠቀም፤ ወንበርም አልያዘም። በዝሆኑና በታይገሩ ጉዳይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ዝሆን ታይገርን በጠረኑ ብቻ አውቆ የሚርቅ እንስሳ ነው፤ ጀርባው ላይ እንዲቀመጥ እንዲፈቅድለት ሁለቱም በአንድ ሰው ድምፅ መርጋት አለባቸው። በዱላ ታይገሩን ወደ ላይ ማስወጣት ይቻል ይሆናል፤ ዝሆኑን ግን ከሥር ማቆም አይቻልም፤ ዝሆን የፈራ ዕለት የሚያቆመው አጥር የለም።

ለዚህ ነው አጎትዎ ከሃያ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ ውስጥ ይህን መርጠው የያዙት ብዬ የማምነው። ድፍረት በአገራቸውም አይተዋል፤ ያላዩት ነገር ነብርን ሳይገድል ስሙን ጠርቶ የሚያስመጣ ሰው ነበር።

የማርቆሱ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጽሔቱ ውስጥ ያለውን ሥዕል ሐኪሙ ከሰጡኝ ስም ጋር ከተያያዙ ፎቶግራፎች ጋር አስተያየሁት፤ ሰውየው ራሱ ነው። ጽሑፉንም እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ በደንበጫው አባታችን ምክር «አላመደ» የሚለውን ሁሉ ሰርዤ «ገራ» ብያለሁ፤ የዳንግላው ወንድማችን ያነሡትንም አልዘለልኩም፤ ያ ሰርከስ ዛሬ ያለ እንስሳት እንደሚሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬያለሁ። እናቴ፣ የጋሼ ታናሽ እኅት፣ ይህን ስታነብ «እርሱም ቢኖር ደስ ይለው ነበር፤ ዝሆኑ እንኳ ሳያሳዝነው አይቀርም» አለችኝ። ጋሼ ስለ ዝሆኑ አዝነው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ እርሷ ግን ሰምታለች።

ትናንት ማታ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ ሲመጡ የነብርና የታይገርን ልዩነት፣ የበርጩማውንና የግማሽ እርምጃውን ነገር፣ የወይፈኑንም ምሳሌ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በወይፈኑ ላይ ሲደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርሳቸውም ብዙ ወይፈን የገሩ ናቸው። ከዚያ ሁለተኛውን ስኒ ከጠጡ በኋላ የነብሩን ነገር ማመናቸውን፣ ለወንድሜም (አጎቴን ማለታቸው ነው) ይቅርታ እንደሚሉላቸው፣ ነገር ግን ታይገር የሚባለው ዝሆን ላይ ተቀምጦ ዝሆኑ ዝም አለ የሚለውን በተዝካሩ ቀን ፎቶግራፉን ካላሳየኋቸው በቀር እንደማይቀበሉ ነግረውኝ ሄዱ። እስከ ግንቦት ድረስ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ የሚያገኝልኝ ሰው ካለ እባካችሁ እዚሁ ይጻፍልኝ።